ማሽኑ አይመዝንም፣ ይሰፍራል

ገበያ ወጥቶ ሽምብራ በጣሳ የገዛ ሰው ጣሳ ሁሉ እኩል እንዳልሆነ ያውቃል። ሻጯ ጣሳውን መሬት ላይ መታ መታ ካደረገችው እህሉ ይጠቀጠቅና ተጨማሪ እፍኝ ይይዛል። ለቀቅ አድርጋ ካፈሰሰችው ደግሞ በፍሬዎቹ መካከል አየር ይቀርና ቶሎ የሞላ ይመስላል። ስፍሩ ያው ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ይለያያል። «ነቅነቅ አድርጊው እንጂ!» «ሞልቷል፣ ምን ልጨምርልህ?» የሚለው ክርክር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህን ክርክር ይዘን ወደ አንድ የፋርማሲ ቤተ ሙከራ እንግባ። ጠረጴዛው ላይ ከስፌት መኪና ብዙም የማይበልጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሣው ግን የሚከብደው የብረት ማሽን ተቀምጧል። በጎኑ ትልቅ መንኮራኩር አለው። መንኮራኩሩ አንድ ዙር ሲዞር አንድ ክኒን ይወጣል። ክኒኖቹ መንታ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው ማሽኑ እያንዳንዱን እየመዘነ የሚሠራ ይመስለዋል። አይመዝንም። እንደ ሻጯ ጣሳ ይሰፍራል። የክኒን ሙያ ማለት ስፍርን ከሚዛን ጋር ማስማማት ነው፤ የዚህ ሥራ አብዛኛው ክፍል ደግሞ የሚጠናቀቀው ዱቄቱ ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው።

ከእርሳስ ጋር የተወለደ ዘዴ

ዱቄትን ጨምቆ ክኒን የመሥራት ዘዴ ጀማሪ መድኃኒት ቀማሚ አልነበረም። ዊልያም ብሮክደን እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው፤ የሰዓት ሠሪ ልጅ ስለነበር ከብሩሹ ሌላ ለብረት ሥራም እጁ የተፍታታ ነበር። በዘመኑ ሠዓሊዎች የሚመርጡት እርሳስ በሰሜን እንግሊዝ ከቦሮዴል ጉድጓድ በሚወጣ ንጹሕ ግራፋይት ይሠራ ነበር። ጥሩ ጥሩው ቁራጭ እያለቀ ብናኙ ሲተርፍ፣ ብሮክደን ይህን ብናኝ ምንም ሙጫ ሳይጨምር፣ በግፊት ብቻ መልሶ ጠጣር ለማድረግ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1843 ያገኘው ፓተንት ክኒንን፣ የሚመጠጥ መድኃኒትንና የእርሳስ ግራፋይትን በብረት ቅርጽ ውስጥ ጨምቆ መሥራትን አንድ ላይ የያዘ ነበር።

ከዚያ በፊት መድኃኒት ቀማሚው ዱቄቱን እንደ ሊጥ አቡክቶ፣ በቀጭኑ አድቦልቡሎ፣ እየቆራረጠ በእጁ ያንከባልል ነበር። «እንክብል» የሚለው ቃላችን ራሱ ያንን ድቡልቡል ቅርጽ ያስታውሳል። የተጨመቀው ክኒን ይህን የእጅ ሥራ ቀስ በቀስ ተካው። ባሮውዝ ዌልከም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1884 ለተጨመቁ መድኃኒቶቹ «ታብሎይድ» የሚል የንግድ ስም አስመዘገበ። ቃሉ ትንሽ ቦታ ላይ የታጨቀ ነገር ሁሉ መጠሪያ እየሆነ ሄዶ፣ በመጨረሻ አነስተኛ ገጽ ያላቸው ጋዜጦች ወረሱት።

አንድ ዙር በዝግታ

አሁን ወደ ማሽናችን እንመለስ። ሞተሩን አጥፍተን መንኮራኩሩን በእጃችን እናዙረው፤ ጥንቁቅ ባለሙያም አዲስ ሥራ ሲጀምር የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

መካከል ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት አለ፤ ዳይ ይባላል። የዳዩ ቀዳዳ የክኒኑን ስፋትና ዙሪያ ይወስናል። ከሥር አንድ ዘንግ ወደ ቀዳዳው ይገባል፤ የታችኛው ፓንች ነው፣ የቀዳዳው ወለል እሱ ነው። ከላይ የሚመጣው የላይኛው ፓንች ደግሞ እንደ ክዳንም እንደ መዶሻም ያገለግላል። ክኒኑ ላይ የምናያቸው ፊደሎችና መሐል ለመሐል የሚያልፈው መስመር የተቀረጹት በእነዚህ ፓንቾች ፊት ላይ ነው። ከሁሉም በላይ ወፍጮ ቤት እህል የሚፈስበትን የመሰለ የዱቄት መያዣ አለ፤ ሆፐር ይሉታል። ከሆፐሩ ሥር ዱቄት ይዞ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ መጋቢ ተገጥሟል።

መንኮራኩሩ መዞር ሲጀምር የታችኛው ፓንች ዝቅ ይልና ጎድጓዳ ቦታ ይከፈታል። መጋቢው በጉድጓዱ ላይ ይመጣል፤ ዱቄቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል። መጋቢው ሲመለስ የተረፈውን በጠርዙ ጠርጎ ይወስዳል። ሻጯ የጣሳውን አፍ በመዳፏ የምትጠርገው ማለት ነው። ከዚያ የላይኛው ፓንች ይወርድና ዱቄቱን ይጨምቃል። ይህ የሚሆነው ከአንድ ሴኮንድ በጣም ባነሰ ጊዜ ነው። የላይኛው ፓንች ተመልሶ ሲነሣ የታችኛው ተከትሎ ከፍ ይላል፤ ክኒኑንም ከዳዩ አፍ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይገፋዋል። መጋቢው ለሚቀጥለው ስፍር ሲመጣ በአፍንጫው ክኒኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ዙሩ አለቀ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሚዛን አልነበረም።

ሦስት ማስተካከያዎች

እንዲህ ያለው ነጠላ ፓንች ማሽን ሦስት ዋና ዋና ማስተካከያዎች አሉት፤ ጀማሪ የሚያምታታውም እነሱን ነው።

የመጀመሪያው የታችኛው ፓንች ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ይወስናል። የጉድጓዱ ጥልቀት ስፍሩ ስለሆነ የክኒኑ ክብደት የሚስተካከለው እዚህ ነው። ሁለተኛው የላይኛው ፓንች ምን ያህል ወደ ዳዩ እንደሚገባ ይወስናል፤ የክኒኑ ጥንካሬና ውፍረት ከዚህ ይመጣሉ። ሦስተኛው የታችኛው ፓንች በመጨረሻ እስከ የት ከፍ እንደሚል ይወስናል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ፓንቹ ከዳዩ አፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከቀረ መጋቢው የክኒኑን ጠርዝ ይሸርፈዋል። ከፍ ካለ ደግሞ መጋቢው ከፓንቹ ጋር ይጋጫል።

የመጀመሪያው ማስተካከያ ምን ያህል ስስ እንደሆነ በሒሳብ እንየው። 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል የያዘ፣ ከሌሎቹ ግብዓቶች ጋር በድምሩ 600 ሚሊግራም የሚመዝን ክኒን እንሥራ። ዱቄታችን አንድ ሚሊሊትሩ ግማሽ ግራም ይመዝናል እንበል። 600 ሚሊግራም ለመያዝ 1.2 ሚሊሊትር ቦታ ያስፈልጋል። የዳዩ ቀዳዳ 12.5 ሚሊሜትር ስፋት ካለው፣ ጉድጓዱ ወደ 10 ሚሊሜትር ገደማ ጥልቀት ይኖረዋል። ስለዚህ አንድ ሚሊሜትር ስሕተት ወደ 60 ሚሊግራም፣ ማለትም አንድ አሥረኛ ያህል የክብደት ስሕተት ነው። የአውሮፓ ፋርማኮፒያ፣ ማለትም የመድኃኒት ጥራት መመዘኛ መጽሐፉ፣ ደግሞ ከ250 ሚሊግራም በላይ ለሆኑ ክኒኖች የሚፈቅደው ልዩነት 5 በመቶ ነው። ማሽኑ የሚፈቀድለት ስሕተት ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ መሆኑ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። ጥልቀቱን በትክክል አስተካክለን ከጨረስን በኋላ፣ ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ በሆፐሩ ውስጥ ያለው ዱቄት በአሥር በመቶ ቢጠቀጠቅስ? ጉድጓዱ አልተለወጠም፣ ብሎኑም አልላላም፤ ክኒኑ ግን 660 ሚሊግራም ይሆናል። የሻጯ ጣሳ ተነቀነቀ ማለት ነው። ይህን በማሽኑ ብሎን መፍታት አይቻልም። መፍትሔው ያለው ዱቄቱ ውስጥ ነው።

እንኩሮው የሚዘጋጅበት ክፍል

ደቃቅ ዱቄት ለማሽን አይመችም። ይጋገራል፣ ሆፐሩ አፍ ላይ እንደ ድልድይ ይያያዝና አልወርድም ይላል፤ ከወረደም አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል። ስለዚህ ዱቄቱ እንደ ደረቅ አሸዋ በራሱ የሚፈስ ቅንጣት መሆን አለበት። ይህ ቅንጣት ግራኑል ይባላል። ጠላ ሲጠመቅ ሊጡ ምጣድ ላይ ተነኩሮ እንኩሮ ሲሆን ያየ ሰው፣ ነገሩን በግማሹ ያውቀዋል።

የተለመደው መንገድ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ እንደ ላክቶስ ወይም ስታርች ካለ ማሟያ ጋር ይደባለቃል። ስታርች በውኃ ተፈልቶ እንደ ወፍራም አጥሚት ይሆንና ማያያዣ ሆኖ ይጨመራል። ድብልቁ ይታሻል፤ ሲጨብጡት የሚይዝ፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ሲሆን ይበቃዋል። ከዚያ በወንፊት ይታለፋል፣ በማድረቂያ ይደርቃል፣ እንደገና ይነፋል። ሙሉ በሙሉ ክው እስኪል ግን አይደርቅም፤ ጥቂት እርጥበት ካልቀረው ክኒኑ አይያያዝም።

ስታርች በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ሚና አለው። ተፈልቶ ሲጨመር ያያይዛል። በደረቁ፣ በመጨረሻ ሲጨመር ግን ሆድ ውስጥ ውኃ ስቦ ያብጥና ክኒኑን ያፈርሰዋል። እነዚህን ሚናዎች የሚጫወተው ስታርች የግድ ከበቆሎ ወይም ከድንች መምጣት የለበትም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፋርማሲ ምሁር ጽጌ ገብረ ማርያም ከጀርመናዊ የሥራ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ የእንሰት ስታርች ለክኒን ማያያዣም ማፍረሻም ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ቆጮ የምንጋግርበትና ቡላ የምናገነፋበት ተክል፣ ክኒንም ይዞ ማቆም ይችላል ማለት ነው።

ግራኑሉ ወደ ማሽን ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ይቀረዋል። ምጣድ በጎመን ዘር ካልታሰሰ እንጀራው ይይዛል። ፓንቹና ዳዩም ማሰሻ ይፈልጋሉ። ይህ ማሰሻ ብዙ ጊዜ ማግኒዚየም ስቴሬት የሚባል ቅባትነት ያለው ነጭ ዱቄት ሲሆን፣ ከድብልቁ አንድ በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ይጨመራል። ሲያንስ ክኒኑ ፓንቹ ላይ ይጣበቃል፤ በተለይ በተቀረጹት ፊደሎች ውስጥ ዱቄት ይቀራል። ሲበዛ ወይም ረጅም ጊዜ ሲደባለቅ ደግሞ እያንዳንዱን ቅንጣት በቅባት ይሸፍነዋል፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ አይያያዙም፣ ውኃም አይገባቸውም። ስለዚህ ማሰሻው በመጨረሻ ላይ ተጨምሮ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚደባለቀው።

ኮፍያ የሚያወልቀው ክኒን

በምሳሌያችን ማሽን ላይ የ15 ኪሎኒውተን ግፊት ብናደርግ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር በማይበልጥ ቦታ ላይ አንድ ቶን ተኩል ጫንን ማለት ነው። ዱቄቱ በመጀመሪያ ይጠጋጋል፣ አየሩም ይወጣል። ቀጥሎ ቅንጣቶቹ ይለመጣሉ ወይም ይሰባበራሉ። ንጹሕ ገጽ ከንጹሕ ገጽ ጋር ሲገናኝ ይያያዛል፤ ክኒኑ የሚጸናው በዚህ ነው። ነገር ግን ግፊቱ ሲነሣ የተጨመቀው ሁሉ ትንሽ ወደ ነበረበት መመለስ ይፈልጋል።

ፓራሲታሞል በዚህ ጠባዩ የታወቀ አስቸጋሪ ነው። ክሪስታሎቹ ጠጣርና ተሰባሪ ናቸው፣ በቀላሉ አይለመጡም፣ ሲለቀቁም ተመልሰው ይነሣሉ። በነጠላ ፓንች ማሽን ደግሞ የሚጨምቀው የላይኛው ብቻ ነው፤ የታችኛው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ የክኒኑ ላይና ታች እኩል አይጠቀጠቅም፣ የታፈነው አየርም ማምለጫ ያጣል። ውጤቱ ክኒኑ ከዳዩ ሲወጣ ወይም በኋላ ጠርሙስ ውስጥ አናቱ እንደ ኮፍያ ተለይቶ ይወልቃል።

እዚህ ጋ ጀማሪ አንድ ስሕተት ይሠራል። ክኒኑ ፈረሰ፣ ስለዚህ ግፊት እንጨምር ይላል። ብዙ ጊዜ ግፊት ሲጨመር ኮፍያው ይበልጥ ይወልቃል፤ ምክንያቱም የሚመለሰውም ኃይል አብሮ ይጨምራል። ልምድ ያለው ሰው ማሽኑን ያዘገየዋል፣ ግፊቱን ይቀንሳል፣ ደቃቁን ብናኝ በወንፊት ይለያል፤ ይህም ካልበጀ ወደ እንኩሮው ክፍል ተመልሶ ማያያዣውንና እርጥበቱን ያስተካክላል።

ሚዛኑ መጨረሻ ላይ ይመጣል

ማሽኑ ስለማይመዝን ሰው ይመዝናል። በሥራው መካከል በየጊዜው ናሙና ይወሰዳል። በፋርማኮፒያው ሕግ 20 ክኒን ለየብቻ ይመዘናል፤ ከተፈቀደው ልዩነት ውጭ መሆን የሚችሉት ቢበዛ ሁለቱ ናቸው፣ በእጥፍ የሚርቅ ደግሞ አንድም መኖር የለበትም። ቀጥሎ 6.5 ግራም የሚያህሉ ክኒኖች፣ በእኛ ምሳሌ 11 ክኒኖች፣ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ገብተው በአራት ደቂቃ መቶ ጊዜ ይንከባለላሉ። ከክብደታቸው ከአንድ በመቶ በላይ ከተፈረፈሩ ጭነትና መንገድ አይችሉም። ሌሎች ስድስት ክኒኖች በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ከፍና ዝቅ በሚል ቅርጫት ይደረጋሉ፤ ሽፋን የሌለው ተራ ክኒን በ15 ደቂቃ ውስጥ መፍረስ ይጠበቅበታል። መፍረስ ብቻም አይበቃም፤ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደሟሟ በሌላ ፈተና ይለካል።

ክብደት ትክክል መሆኑ ግን ሁልጊዜ መተማመኛ አይሆንም። ለልብ የሚሰጠው ዲጎክሲን በአንድ ክኒን 0.25 ሚሊግራም ብቻ ሊሆን ይችላል። ክኒኑ 100 ሚሊግራም ቢመዝን፣ መድኃኒቱ ከአራት መቶ አንድ እጅ ነው ማለት ነው። ድብልቁ እኩል ካልተዋሐደ፣ ሁሉም ክኒኖች 100 ሚሊግራም እየመዘኑ አንዱ ባዶ፣ አንዱ መርዝ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ለናሙና የተወሰደው እያንዳንዱ ክኒን ምን ያህል መድኃኒት እንደያዘ በኬሚካል የሚመረመረው።

ትንሹ ማሽን ለምን አልቀረም?

ነጠላ ፓንች ማሽን በደቂቃ 60 ክኒን ቢሠራ በሰዓት 3,600 ይሆናል። ሮተሪ የሚባለው ማሽን ብዙ ዳዮችና ፓንቾች በአንድ ክብ ገበታ ላይ ተሰድረው አብረው የሚዞሩበት ነው። 16 ጥንድ ፓንቾች ያሉት አነስተኛ ሮተሪ በደቂቃ 30 ጊዜ ቢዞር በሰዓት 28,800 ክኒን ያወጣል፤ ትልልቆቹ የፋብሪካ ማሽኖች ከዚህ ብዙ እጥፍ ያመርታሉ። ሮተሪው ከላይም ከታችም ይጨምቃል፣ ብዙዎቹም ከዋናው ግፊት በፊት ቀለል ያለ ቅድመ ግፊት አላቸው። አየሩ የመውጫ ጊዜ ስለሚያገኝ ኮፍያ ማውለቁ ይቀንሳል።

ታዲያ ትንሹ ማሽን ለምን ኖረ? አዲስ መድኃኒት ሲመራመሩ እጅ ላይ ያለው ጥሬ ዕቃ ጥቂት መቶ ግራም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ትልቁ ማሽን ይህን ለማሟሟቂያ ይጨርሰዋል። ተማሪም የክብደትና የጥንካሬ ማስተካከያን ልዩነት በእጁ አዙሮ የሚያየው እዚህ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964 ኢፋርምን፣ ማለትም የኢትዮጵያ መድኃኒት ፋብሪካን፣ ካቋቋመች ወዲህ ሌሎችም ፋብሪካዎች ተጨምረዋል፤ በቂሊንጦም ለመድኃኒት የታሰበ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል። ፋብሪካ ግን ቀማሚ ይፈልጋል፤ ቀማሚ ደግሞ የሚሠለጥነው በእንደዚህ ያለ ማሽን አጠገብ እጁ ዱቄት እየሆነ ነው። ይሁንና በትንሹ ማሽን የተሳካ ቀመር በትልቁ ሳይፈተን አይታመንም። በፈጣኑ ማሽን ግፊቱ ክኒኑ ላይ የሚቆይበት ጊዜ በጣም ስለሚያጥር፣ በዝግታ የያዘው በፍጥነት ሊፈርስ ይችላል።

ማሽን ያለው ሁሉ መድኃኒት አይሠራም

የማሽኑ ትንሽነት ሌላ ገጽታም አለው። የተጨመቀ ክኒን ፊደሉና ቀለሙ ከተመሳሰለ፣ ውስጡን ሳይመረምሩ ከእውነተኛው መለየት አይቻልም። በአሜሪካ በሕገ ወጥ መንገድ የሚጨመቁ፣ የታወቀ መድኃኒት መስለው የሚሸጡና ፌንታኒል የተባለ ኃይለኛ ማደንዘዣ የያዙ ክኒኖች ብዙ ሰው ገድለዋል። የአገሪቱ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሁለት ሚሊግራም ፌንታኒል ብቻ ሊገድል እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ የክኒን ማሽን ግብይትም እንዲታወቅለት ሕግ ያስገድዳል። ከላይ ስለ ዲጎክሲን የተናገርነው እዚህ ይመጣል። በጓዳ የተደባለቀ ዱቄት እኩል አይዋሐድም፤ ማሽኑም አይጠይቅም፣ የመጣለትን ይሰፍራል። ስለዚህ በአሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ከፋርማሲ ያልወጣ ክኒን ከጓደኛም ቢሆን እንዳይቀበሉ ንገሯቸው።

ለቀሪዎቻችን ጉዳዩ ቤታችን ውስጥ ነው። መሐሉ ላይ የተቀረጸ መስመር የሌለውን ክኒን በቢላ ለሁለት የሚከፍል ሰው፣ ሳያስበው ሰፋሪ ሆኗል፤ ግማሽ ነው ያለው ቁራጭ ግማሽ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ ክኒን ደግሞ መድኃኒቱን በብዙ ሰዓት ቀስ እያለ እንዲለቅ ወይም ጨጓራን አልፎ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ይህን መስበር ወይም መፍጨት አሠራሩን ያበላሻል፤ በተለይ ቀስ እያለ የሚለቀውን መስበር የቀኑን መጠን ባንዴ መዋጥ ሊሆን ይችላል። ጠርሙስ ውስጥ ተፈርፍሮ፣ አናቱ ወልቆ ወይም ቀለሙ ተዥጎርጉሮ የተገኘ ክኒን ወደ ገዛችሁበት ፋርማሲ ይመለስ። ከመቁረጣችሁ በፊትም ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ቢላም አይመዝንም።